ጠይም እንቁላል

«የወንድሜ ሚስት እኮ እንቁላሉን ሻይ ቅጠል ውስጥ ነው የምታሳድረው» ሲሉ እትዬ አበዛሽን ብርቅዬ በገዛ ጆሮዋ ሰማቻቸው። ተደብቃ አልነበረም የሰማችው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ የቦንጋን ቁልቁለት ሁሉ ሳሙና አድርጎት ስለነበር፣ እንቁላል የሞላ ቅርጫት ይዛ በዋናው መንገድ መውረዱን ፈርታ በእትዬ አበዛሽ ቁርስ ቤት ጓሮ በኩል ልታቋርጥ ስትል ነው። የቁርስ ቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ወሬ አይዝም። ሰዓቱ የሠራተኛው የጠዋት ሻይ ሰዓት ነበርና ከውስጥ ብዙ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ የሳምሶንን ድምፅ ለየችው፤ ከባሏ ከግዛቸው ጋር አንድ ቢሮ የሚሠራ፣ ስብሰባ ላይ እጁን ሳያወጣ የማይውል ሰው ነው። «ለዚህ ነዋ ስበላው ሻይ ሻይ የሚለኝ!» አለ ሳምሶን። «ዛሬ ከሰዓት ግምገማ አለብን። እዚያ ላይ አነሳዋለሁ። ቀለም የተቀባ እንቁላል ለኅብረተሰቡ መሸጥ ኪራይ ሰብሳቢነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ይህ ብቻ ቢሆን ብርቅዬ ምላሷን ነክሳ ታልፈው ነበር። ያንገበገባት ሌላ ነው። ከሳቁ መሃል አንዲት የምታውቃት ሳል ሰማች፤ ቃል ሲያጥረው ከጉሮሮው የምትወጣ የግዛቸው ሳል። ሰውየው እዚያው ተቀምጦ ነበር። እህቱ ሚስቱን ሲያሟት፣ ባልደረባው ኪራይ ሰብሳቢ ሲላት፣ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር መሳል ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዶሮ ምርጫ ነው። ጥቅምት ላይ ለቀበሌው ሴቶች የተሻሻለ ዝርያ ይከፋፈላል ተብሎ ቄቦች በፒክአፕ ተጭነው ሲመጡ፣ የእንስሳት ባለሙያው ሰላሐዲን ከሳጥኖቹ አጠገብ ቆሞ ያስረዳ ጀመር። ሰላሐዲን ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ ልቡ ቅን፣ አማርኛው ግን ቢሮ ገብቶ የተበላሸበት ወጣት ነው። «በፐርፎርማንስ ከሄድን ነጩ ብሪድ ይሻላል» አለ፤ ሴቶቹም ነጭ ነጩን ተሻሙ። ብርቅዬ ግን የገበያውን ጠባይ ታውቃለች። የቦንጋ ሰው ነጭ እንቁላል ሲያይ «የፈረንጅ ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል» ብሎ በሃምሳ ሳንቲም ይከራከራል፤ ጠቆር ያለ ሲያይ «ይሄ እንኳ የሐበሻ ነው» ብሎ ሰባ አምስቱን ሳያጉረመርም ይከፍላል። ስለዚህ ጠቆር ያለ እንቁላል የምትጥለው የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀች። «ከለሩን ከፈለጉት፣ እትዬ ብርቅዬ፣ ቀዩ ነው፤ ሮድ አይላንድ። ግን የተዳቀሉ ገብተውበታል፣ ጆሮዋን ይዩ። ከጆሮዋ ሥር ያለችው ሥጋ ነጭ ከሆነች ብዙ ጊዜ ነጭ ትጥላለች፤ ቀይ ከሆነች ብራውን። ይቺ ሳጥን ደግሞ እናቶቻቸው በጣም ዳርክ የጣሉ ናቸው፤ እናቷን ነው የምትመስለው።» ብርቅዬ ነጠላዋን አደግድጋ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች፤ የእያንዳንዷን ቄብ አንገት እያዞረች ጆሮ ስታይ ረፈደ። ግዛቸው ሰው እንዳያየው ጃንጥላውን ፊቱ ላይ ዝቅ አድርጎ፣ «እኔን ስታገቢ እንኳ እንዲህ አልመረመርሽም» አላት። «ለዚህ ነዋ አሁን የተጠነቀቅሁት» አለችው።

ምርጫዋ ሠመረ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ሠመረ። ቄቦቹ መጣል ሲጀምሩ እንቁላሉ ጠቆር ያለ ሳይሆን ጭራሽ ጠይም ሆኖ አረፈው። እንዲህ ያለ የሐበሻ ዶሮም አትጥል፣ የፈረንጅም አትጥል። ገዢ አንሥቶ ያያል፣ በጥፍሩ ፋቅ ያደርጋል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ነጋዴ የሆነ ከተማ ላይ ነጭ እንቁላል ሻይ ውስጥ እየነከረ ሲሸጥ ተያዘ የሚል ወሬ የደረሰውም በዚያው ሰሞን ነው። ፋሲካ ዕለት እትዬ አበዛሽ እዚያው ቁርስ ቤታቸው ውስጥ ለዶሮው ወጥ የመጣላቸውን እንቁላል በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው፣ እንግዳ ፊት፣ «ይሄ እንቁላል ነው ወይስ ሊስትሮ የጠረገው ጫማ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብርቅዬ ድፎውን ሳትቀምስ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ግዛቸው ሻይና ምሳውን እህቱ ጋ፣ ራቱን ሚስቱ ጋ ይበላል፤ ስለ አንዷ ለሌላዋ አንዲት ቃል አይተነፍስም። እናታቸው ሲሞቱ እሱን አዝለው ያሳደጉት እትዬ አበዛሽ ናቸው፤ ቤቱን ቤት ያደረገችለት ብርቅዬ ናት። በሁለቱ መሃል ሰውየው እንደ በር መጋረጃ ሆኖ ከግራም ከቀኝም ይገፋል።

አሁን ደግሞ ሐምሳው ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውታል። ረቡዕም ዓርብም የሚበላበት ወቅት አልፎ ጾሙ ሲገባ እንቁላል የሚጠይቅ አይኖርም፤ ይህ ስም ተለጥፎባት ጾሙ ከገባ ደግሞ ጾሙ ሲፈታም የሚጠይቅ አይኖርም። ብርቅዬ ቅርጫቷን ጓሮው ውስጥ ካለው የሙዝ ተክል ሥር አስቀመጠች፤ ጫማዋን ከጭቃው ፈተገችና ዞራ በፊት በር ገባች።

ሳቁ እንደ ሬዲዮ ተዘጋ። ጠረጴዛዎቹ ላይ የተነጠፈው የአበባ ፕላስቲክ፣ የፉሉ እንፋሎት፣ መስኮቱ ላይ የተደረደረው የለስላሳ ጠርሙስ፣ ሁሉም ፋሲካ ዕለት ትታው እንደወጣች ነው። ግዛቸው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ለግምገማው ብሎ የሠርጉን ሱፍ ለብሷል። ዓይኑን ብርጭቆው ውስጥ ከተተ።

«እትዬ አበዛሽ፣ እንደምን አደሩ?»

እትዬ አበዛሽ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ግዛቸው፣ እግዜር ይመስገን በልልኝ።»

ግዛቸው ሳለ።

«ዶሮዬን አመጣታለሁ» አለች ብርቅዬ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጥ ብሎ ወጣላት። «እዚሁ፣ ሁላችሁ እያያችሁ ትጣል። ጠይም ከሆነ ያሙኝን አፍ ይዝጉልኝ።»

«ነጭ ከሆነስ?» አለ ሳምሶን ዳቦውን እያላመጠ።

ይህን አላሰበችበትም ነበር። «ነጭ ከሆነ… ነጭ ከሆነ ዶሮዎቹን በሙሉ ለጰራቅሊጦስ አርደን እንበላቸዋለን። ሳምሶንንም እንጠራዋለን።»

ሰዉ አጨበጨበ። ብርቅዬ ግን በቸኮለ እርምጃ ዳገቱን ወጣች። ዶሮ የቢሮ ሠራተኛ አይደለችም፣ በሰዓት ግቢ ቢሏት አትገባም። ቤቷ ደርሳ አንድ በአንድ ከጅራታቸው ሥር በጣቷ ዳበሰቻቸው። ሁለቱ ጥለው ጨርሰዋል። አንዷ ባዶ ናት። መጨረሻ ላይ የያዘቻት ወይዘሪት የምትባለዋን ነው፤ ስትራመድ መሬቱን የምትጸየፍ፣ ከጆሮዋ ሥር ያለችው ሥጋ ደም የመሰለች ዶሮ። እንቁላሉ ደርሷል፤ ጠንካራውን ጫፍ በጣቷ ነካችው። «አደራሽን» አለቻትና በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበርና ባጃጅ አስቆመች። ሹፌሩ ለዶሮዋም ይከፈል ብሎ ድርቅ አለ፤ መንገድ ላይ ነገሩን ስትነግረው ግን ሒሳቡን ሁሉ ትቶ አብሯት ገባ። ቁርስ ቤቱ በር ላይ ሰላሐዲን ከሞተሩ ሲወርድ አገኙትና እሱንም ጎተቱት።

ቁርስ ቤቱ ከቅድሙ ብሶበታል። የሻይ ሰዓቱ አልቋል፤ የተነሣ ሰው ግን የለም። ብርቅዬ የቢራ ሳጥን ውስጥ ገለባ አድርጋ ወይዘሪትን አስቀመጠቻት። ወይዘሪት ገለባውን ከፍ ዝቅ አድርጋ አየችውና ወጣች። ጠረጴዛ ላይ ዘላ የሳምሶንን ዳቦ ጠቅ ጠቅ አደረገች፤ ሳምሶን እጁን ሲያነሣባት ሻዩን ደፋችበት። ሳጥኑ ውስጥ መለሷት፤ ወጣች። መለሷት፤ ወጣች። አንዱ «ምጥ ጠንቶባታል» አለ፣ ሌላው «ሐኪም ይጠራ» አለ፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ብርቅዬ ከሳቁ መሃል ቆማ ላብ አጠመቃት። ዶሮ ስትደነግጥ እንቁላሏን ይዛ መዋል እንደምትችል ሰላሐዲን አንድ ቀን ነግሯት ነበር፤ አሁንም በጆሮዋ «ስትረስ ነው፣ እትዬ ብርቅዬ፣ ስትረስ ነው» ይላታል።

በመጨረሻ የተቆጡት፣ ማንም ባልጠበቀው፣ እትዬ አበዛሽ ናቸው። ጭልፋቸውን ባንኮኒው ላይ አጮሁት። «አሁን እናንተ ሰው ናችሁ? እንዲህ አፍጥጣችሁባት ማን ይወልዳል? ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!» ሹማምንት ሳይቀሩ ወንበራቸውን አዙረው ቆርቆሮውን ማየት ጀመሩ። ዝናቡ ብቻ ጣራው ላይ ይሰማል። ወይዘሪት ወለሉን በዝግታ ዞረች። የአንዱን ጫማ አየች፣ የሌላውን ቦርሳ አሸተተች፤ ጥጉ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ አንገቷን ሰበቀች፣ ዘላ ግዛቸው ጭን ላይ ወጣች። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ከመግባቱ በፊት ከቁርሱ እየቆረሰ የሚያበላት እሱ እንደሆነ ብርቅዬ እንኳ አታውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ ዞረችና የሠርጉን ሱፍ በእግሯ ጫር ጫር አድርጋ ተቀመጠች።

ግዛቸው ሊነሣ ከወንበሩ ከፍ አለ።

«እንዳትነቃነቅ!» አሉ ሚስቱና እህቱ እኩል።

ደንግጠው ተያዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ። ግዛቸው ተመልሶ ተቀመጠ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ግራና ቀኝ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። ላብ ከግንባሩ ተነሥቶ በአፍንጫው ወረደ፤ ሊጠርገው አልደፈረም። ሊያስነጥሰው መጣ፤ ዋጠው። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ የነበረውን ብርቅዬ በትዳር ዘመኗ አይታው አታውቅም፤ ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሸክሟል፣ ሸክሙንም ለማንም ማስተላለፍ አይችልም። ወይዘሪት ከፍ አለች። ላባዋን ነፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጅራቷን ዝቅ አደረገች። ከዚያ አንድ እንቁላል፣ ጠይም፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከግዛቸው ጭን መሃል ዱብ አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳደረገ የቆየ አልነበረም። እልል የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት ተሰማ። እትዬ አበዛሽ ከባንኮኒው ወጥተው እንቁላሉን አነሡት፤ እንደ ልማዳቸውም በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። አውራ ጣታቸው ቡናማ ሆነ። እንቁላሉ ላይ በጣታቸው መንገድ ነጣ ያለ መስመር ቀረ።

«ይኸው!» ብሎ ሳምሶን ከወንበሩ ዘለለ። «ለቀቀ! ቀለም ነው! በዓይናችሁ አያችሁ!»

«ፒግመንት ነው!» ጮኸ ሰላሐዲን። «መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባው፣ ማለቴ ዶሮዋ ናት ከውስጥ የምትቀባው፣ ሲደርቅ አይለቅም!» የሰማው የለም፤ የሰማም ካለ «የሚቀባው» የምትለዋን ብቻ ነጥሎ ያዘ። ባጃጅ ነጂው ዶሮዋ ቡና እየበላች ነው አለ። ሌላው የለም፣ ሻይ እየጠጣች ነው አለ። ብርቅዬ የእትዬ አበዛሽን ጣት እያየች ደርቃ ቀረች። እርጥብ እንቁላል በጣቷ ጠርጋ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከጎጆው የምትለቅመው ደርቆ ነው። ለአፍታ ራሷንም ተጠራጠረች። ዶሮዎቹ ሁሉ ታርደው፣ ቅርጫቷ ባዶውን ተሰቅሎ፣ ግዛቸው ግምገማ ላይ አንገቱን ደፍቶ ታያት። ቤቱም ሁሉ ወደ እትዬ አበዛሽ ዞረ፤ ወሬውን የጀመሩት እሳቸው ናቸውና የሚጨርሱትም እሳቸው ናቸው። አንዲት ቃል ይበቃቸው ነበር።

እትዬ አበዛሽ ጣታቸውን አዩ። ዶሮዋን አዩ። የወንድማቸውን ሱሪ አዩ።

«ሳምሶን፣ ተቀመጥ» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ ነው ያሉት…»

«ተቀመጥ አልኩህ! እኔ ስድስት ወልጃለሁ። ልጅ ሲወጣ ደርቆ ነው የሚወጣው? ነጭ እንደ ቅቤ ያለ ነገር ተለቅልቆ አይደለም? ሲጠርጉት ይለቃል። ታዲያ ልጁን ማን ቀባው? ምነው፣ አንተን ስትወለድ ሳይጠርጉህ ቀሩ እንዴ?» ሰዉ መሳቅ ፈርቶ አፉን ያዘ። እሳቸው ግን ገና መሞቃቸው ነው። «ከዚች ዶሮ ቂጥ እስከ ወንድሜ ጭን ድረስ እኔ ሻይ ማፍያ አላየሁም! ያየ አለ? ያየ ይናገር! የወንድሜን ሚስት ማማት ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ አንተ ምኗ ነህ?»

ሳምሶን የተደፋ ሻዩን እያየ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ግዛቸው ነው። ዶሮዋን በሁለት እጁ አቅፎ ተነሣ። ሱሪው ላይ፣ ጭኑ መሃል፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነገር አርፎበታል። «ሳምሶን» አለ፣ ሳይስል። «ግምገማው ላይ አንሣው። እኔም እነሣና ሱሪዬን አሳያለሁ።» ሱሪውን እንዲቀይር ብርቅዬም እትዬ አበዛሽም ለመኑት፤ እምቢ አለ። ወይዘሪትን ለሚስቱ አስረክቦ ኮቱን ቆለፈና በዝናቡ ወደ ቢሮው ሄደ። እነሱም በሩ ላይ ቆመው ኩርባው እስኪሰውረው ድረስ አዩት።

ጓሮ የተቀመጠው ቅርጫት እንቁላል እዚያው ተሸጦ አለቀ። እትዬ አበዛሽ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ይቅርታ የሚባለው ነገር ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው ቦንጋ ውስጥ የለም። ነገር ግን ምሳውን አብልተው ከሰዓቱን ቁርስ ቤቱን ለሠራተኛዋ ትተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡና ከብርቅዬ ጎን ዳገቱን ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ወደ አጥሩ እያዩ፣ «ጆሯቸው ነው የሚታየው አልሽ?» አሉ።

ብርቅዬ አላለችም ነበር፤ ሰላሐዲን ነው ቁርስ ቤቱ ውስጥ ያንኑ በሰው ሁሉ ፊት ሲያስረዳ የዋለው። «አዎ፣ እትዬ። ከጆሮዋ ሥር ያለችው።» ወይዘሪትን ከነጠላዋ አውጥታ አሳየቻቸው። እትዬ አበዛሽ መነጽር እንዳጣ ሰው ተጠግተው አዩ፣ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ በኋላ እግራቸው እንጂ ዓይናቸው መንገድ ላይ አልነበረም። በየአጥሩ ሥር የምትጭር ዶሮ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ፤ «ይቺ ነጭ ናት፣ እርም ትሁን። ያቺ ትሻላለች። አይ፣ ያቺስ አውራ ናት» ይላሉ። አንዲት ቀይ ቄብ ከአንድ ግቢ ወጥታ የመንገዱን ጠርዝ ስትጭር አዩና፣ ብርቅዬ ሳትከለክላቸው ጎንበስ ብለው አፈፍ አደረጓት። አንገቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩ።

ቄቧ ዓለም እንዲሰማ ጮኸች። ከግቢው አንዲት አሮጊት ዱላ ይዘው በካፍኛ እየተራገሙ ወጡ፤ እትዬ በዛወርቅ ናቸው፣ ከቢታ ገነት ከተማ መጥተው ልጃቸው ጋ መኖር የጀመሩት በቅርቡ ስለሆነ እትዬ አበዛሽን አያውቋቸውም። ብርቅዬን ግን እንቁላል ስላመጣችላቸው ያውቋታል። «ሌባ!» አሉ በአማርኛ። «በጠራራ ፀሐይ የሰው ዶሮ! ብርቅዬ፣ ያዣት! ይቺ ሌባ ናት!»

ፀሐይ አልነበረም፤ ግን ሰው በየበሩ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። እትዬ አበዛሽ ቄቧን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ስድስት ወልደው ያሳደጉ፣ ከአንድ ቤት ሙሉ ሠራተኛ ጋር የሚሟገቱ ሴትዮ አንዲት ቃል ጠፋቻቸው። ዶሮዋን ቢለቋት ሰርቀው የጣሉ ሊመስል ነው፤ ቢይዟት ደግሞ ይኸው ይዘዋታል። ወደ ብርቅዬ ዞሩ።

ብርቅዬ መጀመሪያ ነጠላዋን አስተካከለች። ወይዘሪትን ከግራ ብብቷ ወደ ቀኝ አዛወረቻት። ሰማዩን አየች፣ ዝናቡ እንደገና ይመጣ እንደሆነ የምትገምት ይመስል።

«ብርቅዬ! ተናገሪ እንጂ!» አሉ እትዬ አበዛሽ።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ኧረ በእመቤቴ» አለች ብርቅዬ ያኔ፣ ቀርባ ዱላውን በቀስታ ዝቅ እያደረገች። «ሌባ አይደሉም። የባሌ ታላቅ እህት ናቸው፣ ያ ቁርስ ቤት የሳቸው ነው። ጆሮ እያዩ ነው።»

«የማንን ጆሮ?»

«የዶሮዋን።»

አሮጊቷ ከሁለቱ የትኛዋ እንደታመመች ለመለየት ይመስላል፣ ተራ በተራ አዩዋቸው። ከዚያ ቄቧን ተቀብለው፣ እስከ ዛሬ ጆሮ እንዳላት ያላወቁላትን ፍጡር አንገት እያዞሩ፣ ወደ ግቢያቸው ገቡ።

ሁለቱ ሴቶች መንገዳቸውን ቀጠሉ። ኩርባውን አልፈው የሰዉ ዓይን ሲርቅ እትዬ አበዛሽ ወደ ብርቅዬ ዞሩ።

«ዘግየት ብለሽ ነው የተናገርሽልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ከፋሲካ ጀምሮ ነው የዘገዩት።»

ዳገቱ ቀጥ ያለበት ቦታ ደርሰው ነበር፤ ብርቅዬ ባዶ ቅርጫቷንም ዶሮዋንም ይዛ ጭቃው ሲያንሸራትታት እትዬ አበዛሽ አይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወይዘሪትን ተቀብለው በነጠላቸው ሸፈኗትና ከፊት ከፊት መውጣት ጀመሩ።